የሰው ምስጢር ፈልፍላ የራሷን ይዛ የሄደችው መርማሪ

መርማሪ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ኮፍያውን ግንባሩ ላይ የደፋ ወንድ ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሳት ግን ሴት ናት፤ ያውም በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሴት የግል መርማሪ የምትባለው ኬት ዋርን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1856 ባሏ የሞተባት አንዲት ወጣት ቺካጎ ውስጥ ወደሚገኘው የአለን ፒንከርተን የግል ምርመራ ድርጅት ገባች። ፒንከርተን ለጸሐፊነት የመጣች መስሎት ነበር። እሷ ግን በመርማሪነት እንዲቀጥራት ጠየቀችው። ሴት ለዚህ ሥራ? በዚያ ዘመን ማን ሰምቶ! ኬት ግን አልተበገረችም። ወንድ የማይደርስበት ጓዳ ሴት እንደምትደርስ፣ ከወንጀለኛ ሚስት ጋር ተወዳጅታ ለወንድ የማይነገረውን እንደምትሰማ አስረዳችው። እሱም አስቦበት ቀጠራት።

ታዲያ ቃሏን በሥራ አሳየች። አዳምስ ኤክስፕረስ ከተባለው የገንዘብና የዕቃ አመላላሽ ኩባንያ 50,000 ዶላር ይሰረቃል። የተጠረጠረው በአላባማ፣ ሞንትጎመሪ ከተማ የኩባንያው ሹም የነበረው ናታን ማሮኒ ነው። ኬት ስሟን ለውጣ፣ የአጭበርባሪ ሚስት መስላ የማሮኒን ሚስት ተጠጋቻት። ወራት ፈጀ። ሴትዮዋ ልቧን ከፈተችላት፤ በመጨረሻም የተደበቀውን ገንዘብ በኬት ምክር አውጥታ ሰጠች፤ ተቀባዩም የፒንከርተን ሰው ነበር። 39,515 ዶላር ተመለሰ፤ ማሮኒም 10 ዓመት ተፈረደበት። ግን እስቲ እናስተውል፦ ሌባው የተያዘው ሚስቲቱ ወዳጄ ብላ ባመነቻት ሴት ነው። የዚህ ሙያ መራራ ጎኑ ይኸው ነው።

በየካቲት 1861 ደግሞ አዲስ የተመረጡት ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ወደ ዋሽንግተን ሲጓዙ ባልቲሞር ላይ ሊገድሏቸው ያሴሩ እንዳሉ ተጠረጠረ። ኬት የደቡብ ወይዘሮ መስላ ባልቲሞር ገብታ ወሬውን ስታነፍስ ሰነበተች። ከዚያም ሊንከን የታመመ ወንድሟ ተብለው ከፊላደልፊያ በሌሊት ባቡር ተሳፈሩ። ባልቲሞርን በጨለማ አልፈው የካቲት 23 ማለዳ ዋሽንግተን በሰላም ገቡ።

ፒንከርተን የሴት መርማሪዎቹን ክፍል ኃላፊነት ሰጣት። እሷ ግን ብዙ አልቆየችም። ጥር 28 ቀን 1868 በሳንባ ምች ሞተች፤ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበረች።

የሚያስገርመው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የሰው ያለፈ ሕይወት ስትመረምር የኖረችው ሴት የራሷ ያለፈ ሕይወት እንቆቅልሽ ሆኖ ቀረ። ከ1856 በፊት ስለነበራት ኑሮ የተጻፈው ከእፍኝ አይበልጥም። የድርጅቱም መዛግብት በ1871 በቺካጎው ታላቅ ቃጠሎ ወደሙ። ዛሬ ስለ ሥራዋ የምናውቀው አብዛኛው አሠሪዋ በጻፋቸው መጻሕፍት በኩል የመጣ ነው፤ እሷ የጻፈችው የሕይወት ታሪክ የለም። ግሬስላንድ በተባለው የቺካጎ መካነ መቃብር በፒንከርተን ቤተሰብ ይዞታ ተቀብራለች፤ መቃብሯ ላይ ያለው ስም እንኳ አንድ ፊደል ጎድሎት ነው የተቀረጸው። ስንት የሐሰት ስም ይዛ የሠራች ሴት እውነተኛው ስሟ በድንጋይ ላይ ተሳሳተ!

እኛ ነገ የስም መጥሪያ ደብተር የምንይዝ ሰዎች ነን። ከኋላ ወንበር ዝም ብላ የምትቀመጠው ልጅ ምን እንደምትችል ሳንጠይቅ ቦታዋን አንወስንላት። ስሟንም አስተካክለን እንጻፍ፤ ከሰው በኋላ የሚተርፈው አንዳንዴ እሱ ብቻ ነውና።