ዐፄ ሱስንዮስና የመሐላው ነገር

ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ በጠባብ የአለት ገደል ተጨምቆ በሚያልፍበት በአላታ፣ በኖራ የተያያዘ የድንጋይ ቅስት ድልድይ ይገኛል። በ1618 ዓ.ም. ገደማ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት የተሠራ ሲሆን፣ ከዚያ አስቀድሞ ከበጌምድር ወደ ጎጃም የሚሻገር ሠራዊትም ሆነ ነጋዴ ተስፋው ታንኳ ወይም ውሃው ሲጎድል የሚገኝ መልካ ብቻ ነበር። ሙያው ያላቸው አንባብያን እንደሚያውቁት፣ በጭቃ የተያያዘ ቅስት በየክረምቱ እንዲህ ያለ ጎርፍ እየመታው ብዙ ዘመን አይዘልቅም። ኖራ አቃጥሎ መገንባት በስፋት የተለመደው በዚሁ ንጉሥ ዘመን ነው። ሆኖም ሱስንዮስ በሕዝቡ ዘንድ የሚታወሰው ሃይማኖቱን በመለወጡና በዚያ ምክንያት በፈሰሰው ደም እንጂ በግንባታው አይደለም።

ሱስንዮስ በ1564 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ። የአባቱ የፋሲል አባት ያዕቆብ የዐፄ ልብነ ድንግል ልጅ ነው። ሕፃን ሳለ የቦረን ኦሮሞ ጦረኞች ማርከው ወሰዱትና ከዓመት በላይ አብሯቸው ኖረ፤ ቋንቋቸውንና የውጊያ ስልታቸውንም ተማረ። ኋላም ዙፋን ፍለጋ ከአገር አገር በተንከራተተባቸው ዓመታት አብረውት ከተሰለፉት ብርቱዎቹ ኦሮሞዎች ነበሩ። በቤተ መንግሥት ተቀማጥሎ ያደገ መስፍን ይህን ዕድል ባላገኘም ነበር።

በ1590 ዓ.ም. ዐፄ ሠርጸ ድንግል ሲሞት መኳንንቱ ሕፃኑን ያዕቆብን አነገሡ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እርሱን ሽረው ዘድንግልን አመጡ። ዘድንግል ወደ ካቶሊክ እምነት ማዘንበሉ በተሰማ ጊዜ የጦር አለቃው ዘሥላሴ አመፀበት፤ ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስም ንጉሡን አውግዘው ሠራዊቱን ከታማኝነት መሐላው ፈቱት። በጥቅምት 1597 ዓ.ም. ዘድንግል በባርጫ ጦርነት ተገደለ። ያዕቆብ ዳግመኛ ነገሠ፤ ግን ብዙም አልቆየ፤ በመጋቢት 1599 ዓ.ም. በጎጃም ጎል በተባለው ስፍራ ሱስንዮስ ድል አደረገው። ያዕቆብም፣ አብረውት የዘመቱት አቡነ ጴጥሮስም በዚያው ጦር ሜዳ ወደቁ። የያዕቆብ ሬሳ አልተገኘም በመባሉ በትግራይ ያዕቆብ ነኝ የሚል ሰው ተነሥቶ አገር አወከ፤ ሱስንዮስም በመጋቢት 1601 ዓ.ም. አክሱም ወርዶ በአባቶቹ ሥርዓት ዘውድ ጫነ።

ስለ ንጉሡ የሚሰጠው ፍርድ ከዚህ ሊጀምር ይገባዋል። የዘድንግልን ውድቀት የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳይገነዘብ አይቀርም፦ ከእስክንድርያ የሚላከው ጳጳስ በአንዲት ቃል ሠራዊትን ከመሐላ መፍታት እስከቻለ ድረስ የማንኛውም ንጉሥ ዙፋን በዚያች ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። በ1609 ዓ.ም. የገዛ አማቹ ዮልዮስ ሲያምፅ አቡነ ስምዖን ከዓመፀኞቹ ጋር ዘምተው ሞቱ። ሱስንዮስ ይህን ኃይል የሚሽር ሌላ ኃይል ቢፈልግ አያስደንቅም።

ያ ኃይል ከሮም የሚመጣ መሰለው። በ1595 ዓ.ም. የገባው ኢየሱሳዊ መነኩሴ ጴሮ ፓኤዝ አማርኛና ግእዝ የተማረ፣ ትዕግሥተኛና በግንባታም እጁ የተፈታ ሰው ነበር፤ በጣና ዳር በጎርጎራ ለንጉሡ የድንጋይ ቤት ሠርቶለታል። በ1533 ዓ.ም. ከግራኝ አህመድ ጋር ሊዋጉ የመጡት 400 ያህል የፖርቱጋል ነፍጠኞች ትዝታም ገና አልጠፋም ነበርና ንጉሡ እንደዚያ ያለ ጦር በብርቱ ተመኘ። ጦሩ ከቶ አልመጣም። ሱስንዮስ ግን በ1614 ዓ.ም. ካቶሊክነቱን በይፋ ገለጸ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ።

በፓኤዝ እግር የተተካው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ የሌላ ባሕርይ ሰው ነበር። በየካቲት 1618 ዓ.ም. ንጉሡና መኳንንቱ በፊቱ ተንበርክከው ለሮም ታዛዥነት ማሉ። ቀጥሎ የመጣው ትእዛዝ ግን የመኳንንት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ካህናት እንደገና ይሾሙ፣ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ግዝረትና የቀዳሚት ሰንበት ይቅሩ፣ የጾምና የበዓል ቀን በሮም አቆጣጠር ይሁን የሚል ነበር። አባቱና እናቱ ሳይጠመቁ እንደ ሞቱ የተነገረው ባላገር ምን ሊያስብ እንደሚችል ፓትርያርኩ የመዘነ አይመስልም። ንጉሡም በጳጳሱና በሠራዊቱ መካከል ያለውን መሐላ ሲያስብ፣ በገበሬውና በደብሩ መካከል ያለውን የጠለቀ ቃል ኪዳን ዘነጋ። ዋናው ስሕተቱ ይህ ነው፤ ከሃዲነት ወይም ሞኝነት ብሎ ማለፍ ግን ነገሩን ማቃለል ነው።

ዓመፅ በዓመፅ ላይ ተደረበ። የትግራዩ ገዥ፣ ሌላው አማቹ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ተነሥቶ በስቅላት ተቀጣ። ከሁሉ የከፋው ከ1621 ዓ.ም. ጀምሮ በላስታ የተቀጣጠለው ነው፤ መሪው መልክአ ክርስቶስ ራሱ ከነገሥታቱ ዘር ነበርና። ንጉሡ በጎጃም የእናቱን ልጅ የራስ ሥዕለ ክርስቶስን ድጋፍ አላጣም፤ ተራራማውን የላስታን አገር ግን ሊያስገብር አልቻለም። በመጨረሻ በሰኔ 1624 ዓ.ም. የላስታ ሰዎች ወደ ወይና ደጋ በወረዱ ጊዜ ሱስንዮስ ፈጽሞ ድል አደረጋቸው። የሞቱት 8,000 ያህል እንደሆኑ ኢየሱሳውያኑ ጽፈዋል። በማግሥቱ ልጁ ፋሲለደስና መኳንንቱ ንጉሡን ሬሳ ወደ ሞላው ሜዳ ወስደው፣ የወደቁት ሁሉ ክርስቲያንና የገዛ ወገኖቹ መሆናቸውን አሳዩት።

በዚያው ወር የእስክንድርያ ሃይማኖት ይመለስ፣ የወደደ ሁሉ በአባቶቹ እምነት ይደር የሚል አዋጅ አስነገረ፤ መንግሥቱንም ለፋሲለደስ ለቀቀ። በመስከረም 1625 ዓ.ም. በደንቀዝ ሞቶ በአዘዞ ገነተ ኢየሱስ ተቀበረ።

ፋሲለደስ አጎቱን ሥዕለ ክርስቶስን አጋዘ፤ ሜንዴዝንና ባልደረቦቹን አስወጣ፤ ጳጳስም እንደ ቀድሞው ከእስክንድርያ አስመጣ። በኖራ የመገንባቱን ጥበብ ግን አልተወውም፤ ከ1628 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጎንደር ግንቡን አቆመበት።