ሊቅ ሳለ ተማሪ የሆነው ሄሮኒሞስ

መጽሐፍ ቅዱስን ተርጕሞ ለሕዝብ ማስተማር ታላቅ ጸጋ ነው፤ ነገር ግን ታላቅ ዕዳም አለበት። ተርጓሚው የሚናገረው የራሱን ቃል አይደለምና፥ አንዲት ቃል ቢያዛባ የሚሳሳተው እርሱ ብቻ ሳይሆን ከርሱ የሚሰማው ሁሉ ነው። ደግሞም ሕዝቡ ሲሰማው የኖረውን ንባብ ድንገት ቢለውጥበት፥ ለውጡ እውነት እንኳ ቢሆን፥ የምእመናን ልብ ይታወካል። እነዚህ ሁለት ሸክሞች በአንድ ሰው ትከሻ ላይ እንዴት እንደ ወደቁ ለማሳየት የሄሮኒሞስን ሕይወት በአጭሩ ልንነግራችሁ ወደድን። ዘመኑን የምንጽፈው በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

ሄሮኒሞስ በ347 ዓ.ም. ገደማ በድልማጥያና በጰንኖንያ ወሰን ላይ በነበረችው በስትሪዶን ከክርስቲያን ወላጆች ተወለደ። በወጣትነቱ ወደ ሮሜ ሄዶ ዶናቶስ ከሚባለው ስመ ጥር የሰዋስው መምህር ተማረ፤ በዚያችም ከተማ ተጠመቀ። የሮማውያንን የንግግር ጥበብ እጅግ ይወድ ስለ ነበረ፥ ከዚያ ተመልሶ የነቢያትን መጻሕፍት ሲያነብ አነጋገራቸው ሻካራ መስሎ ይታየው ነበር። ወደ ምሥራቅ በተጓዘበት ወራት ግን በዐቢይ ጾም እኩሌታ በጽኑ ታመመ። በሕልሙም በፍርድ ዙፋን ፊት ቆሞ ማን እንደ ሆነ ተጠየቀ። ክርስቲያን መሆኑን ቢናገርም፥ የክርስቶስ ሳይሆን የሮማዊው ተናጋሪ የኪኬሮ ደቀ መዝሙር መሆኑ ተነግሮት ተገረፈ። ከዚያ ወዲህ ልቡን ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት መለሰ።

ከዚህም በኋላ በሶርያ ወደሚገኘው ወደ ከልቂስ በረሓ ገብቶ መነኰሰ። በዚያም የሥጋ ፍላጎት ሲያስጨንቀው፥ አሳቡን በትምህርት ለመግዛት ብሎ ከአይሁድ ወገን ወደ ክርስትና ከገባ አንድ መነኩሴ ዕብራይስጥ መማር ጀመረ። የሮሜን አደባባይ በንግግር ለማስደነቅ ይችል የነበረው ሰው እንደ ሕፃን ፊደል ለመቍጠር ተቀመጠ። ከጉሮሮ የሚወጣው ድምፅ አስቸገረው፤ ብዙ ጊዜ ተስፋ ቈርጦ ተወው፥ ብዙ ጊዜም ተመልሶ ያዘው። ፊደል ቈጥረን፥ ዳዊት ደግመን፥ ዜማና ቅኔ ፍለጋ ከደብር ወደ ደብር የዞርን እኛ ይህን ድካም እናውቀዋለን።

ከበረሓ ወጥቶ በአንጾኪያ የቅስና ማዕርግ ተቀበለ፤ በቍስጥንጥንያም ከጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት እግር ሥር ተማረ። በ382 ወደ ሮሜ በተመለሰ ጊዜ ሊቀ ጳጳሱ ዳማሶስ የወንጌልን የሮማይስጥ ንባብ እንዲያርም አዘዘው፤ ቅጅዎቹ እርስ በርሳቸው ይለያዩ ነበርና። ዳማሶስ በ384 ሲሞት ግን ምላሱ ስለታም የነበረው ሄሮኒሞስ በሮሜ ወዳጅ አነሰው፤ በ385 ከተማይቱን ለቆ ወጣ። ባለጸጋዪቱ ጳውላና ልጇ ኤዎስቶክዩም በምሥራቅ ተከተሉት። በእስክንድርያ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓይነ ሥውር የነበረውን ሊቅ ዲዲሞስን ጐበኘ። በራሱ ላይ ሽበት ሳለ የጥያቄውን ብዛት ይዞ በዚያ ሊቅ ፊት ተቀመጠ። በ386 በቤተ ልሔም ተቀመጡ፤ በጳውላም ገንዘብ የወንዶችና የሴቶች ገዳም፥ የእንግዶችም ማረፊያ ተሠራ።

በቤተ ልሔም ሄሮኒሞስ የዕድሜ ልኩን ሥራ ያዘ። በዚያ ዘመን ሮማውያን ክርስቲያኖች የሚያነቡት ብሉይ ኪዳን ከሰባው ሊቃናት የጽርዕ ትርጓሜ የተቀዳ ነበር። ክርስቲያኖች ከአይሁድ ጋር ሲከራከሩ ግን አይሁድ የተጠቀሰው ቃል በዕብራይስጡ የለም እያሉ ያፍሩባቸው ነበር። ስለዚህም ሄሮኒሞስ ከወንዙ ይልቅ ከምንጩ ልቅዳ ብሎ ተነሣ። ባራኒና የሚባል አይሁዳዊ መምህር ወገኖቹን ፈርቶ እንደ ኒቆዲሞስ በሌሊት እየመጣ ያስተምረው ነበር፤ ደመወዙም ቀላል አልነበረም። መጽሐፈ ኢዮብ ቢከብደው ከልዳ ሌላ መምህር በብዙ ገንዘብ አስመጣ። መጽሐፈ ጦቢትን ሲተረጕም አንድ ሰው ከከለዳውያን ቋንቋ ወደ ዕብራይስጥ እየመለሰ ሲነግረው፥ እርሱ በሮማይስጥ ለጸሓፊ እያስጻፈ ሥራውን በአንድ ቀን ፈጸመ። የቀድሞ ወዳጁ ሩፊኖስ የመምህሩን ስም ወደ በርባን ለውጦ ዘበተበት። ሄሮኒሞስ ግን ከማንም ቢሆን እውነትን መማር አላሳፈረውም። ከ390 ገደማ እስከ 405 የዕብራይስጡን መጻሕፍት ተርጕሞ ጨረሰ።

ነገር ግን ተቃውሞ አልቀረለትም። የሂጶ ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስ በ403 ገደማ በጻፈለት መልእክት አንድ ታሪክ ነገረው። ዛሬ ትሪፖሊ በምትባለው በኦያ ኤጲስ ቆጶሱ አዲሱን ትርጓሜ በቤተ ክርስቲያን ሲያስነብብ፥ ለዮናስ ጥላ የሆነችው ተክል ከልጅነታቸው በሰሙት በቅል ፈንታ ሐረግ ተብላ ተነበበች። ሕዝቡም ታወከ። ኤጲስ ቆጶሱ የከተማውን አይሁድ ቢጠይቅ እነርሱም ለቀድሞው ንባብ መሰከሩ፤ መንጋው እንዳይበተንበትም ንባቡን ለመመለስ ተገደደ። አውግስጢኖስ የፈራው ለአንዲት ተክል ስም አልነበረም፤ ጽርዕ በሚያነቡና ሮማይስጥ በሚያነቡ አብያተ ክርስቲያናት መካከል መለያየት እንዳይመጣ ነበር እንጂ። ሄሮኒሞስም ተክሊቱ በፍልስጥኤም የምትበቅል፥ ቅጠለ ሰፊ፥ በግንድዋ የምትቆም መሆንዋን፥ በሮማይስጥ ግን ስም ስለሌላት የቀደሙትን ተርጓሚዎች መከተሉን ገለጠ። ዛሬ ብዙ ሊቃውንት ጉሎ ናት ይሏታል። ከዚህም በላይ፥ ወንጌላዊው ማቴዎስ ከግብፅ ስለ ተጠራው ልጅ ከሆሴዕ የጠቀሰው እንደ ዕብራይስጡ እንጂ እንደ ሰባው ሊቃናት አለመሆኑን ሄሮኒሞስ በጽሑፉ ለአንባቢዎቹ አሳስቧል።

የመጨረሻ ዘመኑ በኀዘን የተመላ ነበር። ጳውላ በ404 ዐረፈች። በ410 ሮሜ በጎታውያን እጅ ስትወድቅ ባለጸጎች የነበሩ ስደተኞች ለማኝ ሆነው ወደ ቤተ ልሔም መጡ፤ እርሱም የሕዝቅኤልን ትርጓሜ አቋርጦ እነርሱን ተቀበለ። በ416 ገዳማቱ ተቃጠሉ። በ420 በመስከረም ወር በ30 ቀን እንደ ዐረፈ ይነገራል። ቍጣውንና ስድቡን አናመሰግንም፤ ከሩፊኖስ ጋር ሳይታረቅ መቅረቱ ለሊቃውንት ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነው።

እንግዲህ ከሁለቱ ማን ረታ? የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን የሄሮኒሞስን ትርጓሜ ቀስ በቀስ ተቀበለች፤ መዝሙረ ዳዊትን ግን ከዕብራይስጥ የተረጐመውን ትታ፥ እርሱ ራሱ ከሰባው ሊቃናት ንባብ ያረመውን ስትዘምር ኖረች። ሕዝቡ በአፉ የያዘውን ጸሎት መንጠቅ አልተቻለምና። ከ1947 ጀምሮም በጨው ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ጥንታውያን ብራናዎች ተገኙ። ከነዚህም መካከል ከሰባው ሊቃናት ንባብ ጋር የሚስማማ የኤርምያስ የዕብራይስጥ ቍራጭ አለ። ሄሮኒሞስ ምንጩ አንድ ብቻ መስሎት ነበር፤ ሰባው ሊቃናት ግን ከሌላ የዕብራይስጥ ቅጂ ቀድተው ኖሯል። በዚያው ዋሻ መጽሐፈ ሄኖክ በአራማይስጥ፥ መጽሐፈ ኩፋሌም በዕብራይስጥ በቍራጭ ተገኝተዋል። ሁለቱንም ሙሉ አድርጋ የጠበቀቻቸው የእኛ የግዕዝ ብራና ናት።

የእኛም መምህራን ንባብ ከንባብ ሲለይ አንዱን ጥለው አንዱን አላነሡም፤ አብነት ብለው ልዩነቱን ጠቀሱ፥ አንድም እያሉ ምሥጢሩን አሰፉ። ይህ ሥርዓት የሄሮኒሞስን ትጋትና የአውግስጢኖስን ጥንቃቄ በአንድነት የሚያስማማ ነው። ስለዚህ በጉባኤ ወንበር የምንቀመጥ ሁሉ፥ የማናውቀውን ከሚያውቀው ለመጠየቅ አንፈር፤ ያወቅነውንም ለሕዝቡ ስንነግር ደካማውን ሰሚ አንርሳ። በሌሊት ከእንግዳ መምህር ፊት የተቀመጠው ሽማግሌ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። መማር የተወ መምህር ማስተማርም ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቀርበታል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።