አናጢው ምዜ
(የጆሞ ኬንያታ ሕይወት ባጭሩ)

በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ስለ አገራችን ጀግኖች ብዙ እንደሚጻፍ እናውቃለን። እኛ ግን እንጀራ የበላንበትን፣ ልጆች ያሳደግንበትን የኬንያን አገር አባት፣ ጆሞ ኬንያታን ማስታወስ መረጥን። ኬንያውያን ምዜ ይሏቸዋል፤ በኛ አባባ፣ ጋሼ እንደማለት ነው። ለብዙ ዓመታት ፊታቸው ያለበትን ሽልንግ ስንቆጥርና ስንመልስ ኖረናል። የመጀመሪያ ሙያቸው አናጢነት መሆኑን ግን ልጆቻችን ብዙም አያውቁም። (ዓመቶቹን የጻፍነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

የተወለዱት በ1890ዎቹ በጋቱንዱ አካባቢ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ስማቸው ካማው ዋ ሙይጋይ ነበር። አባታቸውም እናታቸውም በልጅነታቸው ስለሞቱ ለጥቂት ጊዜ ባህላዊ ሐኪም በነበሩት አያታቸው ዘንድ ኖሩ። በ1909 ከናይሮቢ ብዙም በማይርቀው በቶጎቶ የስኮትላንድ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ፊደል ከቆጠሩ በኋላ በሚሲዮኑ አናጢነት እንዲማሩ ተደረገ። መጋዝና መላጊያ፣ መሮና መዶሻ ይዘው ሙያ ለመዱ። በ1914 ተጠምቀው ጆንስተን ተባሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናንሳ። እኛ ሐበሾች የእጅ ሙያ ያለውን ሰው ስንንቅ የኖርን ሕዝብ ነን። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን ባለ እጅ፣ ቡዳ እያልን ከማዕድ አርቀናል። አፄ ምኒልክ በ1908 ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ንቀቱ ግን ከኛ ጋር ድንበር ተሻግሮ መጥቷል። ዛሬም በየቤታችን ልጅ ቢሮ ካልገባ ሰው ሆነ አንልም። ልጄ አናጢ ሊሆን ነው ብሎ በኩራት የሚናገር ወላጅ ስንት ነው?

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ኬንያታ ከሚሲዮኑ ከወጡ በኋላ ያገኙትን ሥራ ሠሩ። የሲሳል እርሻ ጽሕፈት ቤት ገቡ፤ ቆይተውም በናይሮቢ ማዘጋጃ ቤት በዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊነትና በውሃ ቆጣሪ አንባቢነት አገለገሉ። በዳጎሬቲም ኪንያታ ስቶርስ የሚሏት የሰፈር ሱቅ ነበረቻቸው። ኪንያታ የተባለው በዶቃ ያጌጠ ቀበቷቸው ሲሆን፣ የኋላ ስማቸውም ከዚሁ የመጣ ነው። እኛ ባለሱቆች ምዜም ከባንኮኒ ኋላ ቆመው ነበር ብንል አንዋሽም።

በ1919 ግሬስ ዋሁን አገቡ፤ በ1920 ፒተር ሙይጋይ፣ በ1928 ማርጋሬት ተወለዱ። በ1929 የኪኩዩ ማኅበር ስለ መሬት አቤቱታ እንዲያቀርቡ ለንደን ላካቸው። በዓመቱ ተመለሱ፤ በ1931 ግን እንደገና ሄደው አሥራ አምስት ዓመት ቀሩ። የስደትን ቤት የምናውቅ እኛ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል። ሲሄዱ ሙይጋይ አሥር ዓመቱ ነበር፤ በ1946 ሲመለሱ ሃያ አምስት ሞልቶት አገኙት። በዚያው በእንግሊዝ አገር ሳሉ ሌላ ትዳር መሥርተው ልጅ ወልደዋል። ልጆቹን አቅፈው የቆዩት ወይዘሮ ዋሁ ናቸው፤ እሳቸውም በ2007 አረፉ። ማርጋሬት አድጋ በ1970 የናይሮቢ ከንቲባ ስትሆን የእናቲቱ ድካም ፍሬ ታየ።

በለንደን ሳሉ ከዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1938 ስለ ኪኩዩ ሕዝብ አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ብረት ሥራ፣ ስለ ጎጆ አሠራርና ስለ ሸክላ ሥራ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለ። እጁ የሠራ ሰው የሠሪን ክብር ያውቃልና! አገራችን በ1935 በፋሺስት ኢጣልያ ስትወረርም ለኢትዮጵያ በቆመው የአፍሪካውያን ወዳጆች ማኅበር ጸሐፊ ሆኑ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1936 ለንደን ሲደርሱ ከባቡር ጣቢያው ተገኝተው ከተቀበሉት አንዱ ነበሩ። ለዚህ ውለታ እኛ ኢትዮጵያውያን ዕዳ አለብን። በጦርነቱ ዘመን ደግሞ በእንግሊዝ ገጠር የእርሻ ሠራተኛ ሆነው ኖሩ።

በ1952 ማው ማውን ይመራሉ ተብለው ተያዙ፤ በካፔንጉሪያ ተከሰው በ1953 ሰባት ዓመት ተፈረደባቸው። ከኛ ደቡብ ድንበር ብዙም በማይርቀው በረሃ፣ በሎኪታውንግ ታሰሩ። በዕድሜ ገፋ ያሉ ስለነበሩ ለእስረኞቹ ምግብ አብሳይ ሆኑ። መጽሐፍ የጻፈ ሰው ወጥ ሠራ፤ ያም አላዋረዳቸውም። በ1961 ተፈቱ፣ በ1963 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፣ በ1964 አገሪቱ ሪፐብሊክ ስትሆን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሕዝቡን ሀራምቤ፣ ማለትም አብረን እንሳብ፣ እያሉ አስተባበሩ። በዚሁ መንፈስ መንደርተኛው እያዋጣ ብዙ ትምህርት ቤት ሠራ። እድር ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም።

ሁሉም ነገራቸው መልካም ነበር አንልም። በዘመናቸው ጥሩ ጥሩ መሬት ለሹማምንትና ለቅርብ ሰዎች ደርሷል ይባላል፤ በ1969ም ተቃዋሚው ፓርቲ ታግዶ፣ የትግል ጓዳቸው ኦጊንጋ ኦዲንጋ ታስረዋል። ይህን የሚመዝኑት ኬንያውያን ናቸው፤ እኛ እንግዶች ነን። ነሐሴ 22 ቀን 1978 ሞምባሳ ላይ አርፈው፣ ናይሮቢ ከፓርላማው አጠገብ ተቀበሩ። ልጃቸው ኡሁሩም ከ2013 እስከ 2022 አገሪቱን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

እንግዲህ ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ በመቃብራቸው አጠገብ ስታልፉ ሁለት ነገር ንገሯቸው። አንደኛ፣ የዚህ አገር አባት የጀመሩት በመጋዝና በመላጊያ መሆኑን፣ ቆጣሪ ማንበብም ወጥ መሥራትም ከትልቅነት እንዳላገዳቸው። ሁለተኛ፣ አባት ለትልቅ ዓላማም ቢሆን ሲርቅ ቤቱ ዋጋ እንደሚከፍል። ሙያ የያዘ ልጅ ካለን እናክብረው፤ በቅርባችን ያለ አባት ካለን ሳይርቅ እናመስግነው።

ለማኅበራችን ረጅም ዕድሜ ይስጥልን። ሀራምቤ!