የሻምበል አበበ ቢቂላ ሁለተኛው ልምምድ

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በሮም ኦሊምፒክ በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶን የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘ አትሌት ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ድሉን ሲደግም የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ጥቂት ሳምንታት ብቻ አልፈው ነበር። ይህ ታሪኩ በሰፊው ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ያሳለፈው የተሐድሶ ሕክምና ግን እምብዛም አይነገርም።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ሲያሽከረክራት የነበረችው ቮልስዋገን መኪና ተገለበጠች። አንገቱ ክፉኛ በመጎዳቱ መጀመሪያ ላይ ራሱን እንኳ ማዞር ተስኖት ነበር። በሳምንቱ ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተላከ። በዚያ የሚገኘውን የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ማዕከል በ1936 ዓ.ም. የመሠረቱት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ስፖርትን እንደ መዝናኛ ሳይሆን እንደ ሕክምናው አካል ይቆጥሩት ነበር።

ሻምበል አበበ በሆስፒታሉ ስምንት ወራት ቆየ። እግሮቹ አልተመለሱለትም፤ እጆቹ ግን ቀስ በቀስ መንቀሳቀስ ጀመሩ። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚኖር ሰው የእግርን ሥራ የሚረከበው ትከሻ ነው፤ ከአልጋ ወደ ወንበር ሲሻገርም ሆነ ጎማውን ሲገፋ ሸክሙ እዚያው ላይ ያርፋል። የክንድ ጡንቻን ከትከሻ ጋር የሚያያይዘው ጅማትም በዚህ ጫና ሊጎዳ ስለሚችል፣ ጥንካሬው በባለሙያ ክትትል በደረጃ መገንባት ይኖርበታል። ቀስት መወርወር ክንድን፣ ትከሻንና የሰውነት ሚዛንን በአንድነት የሚያሠራ በመሆኑ በማዕከሉ ከተመረጡት ስፖርቶች አንዱ ነበር።

ለሯጭ ይህ ቀላል ለውጥ አልነበረም። ሆኖም ሻምበል አበበ በሐምሌ 1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንዴቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። በ1963 ዓ.ም. በእንግድነት ወደ ተጠራበት ኖርዌይ ሄዶም ዝም ብሎ ተመልካች አልሆነም፤ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ በተሽከርካሪ ወንበሩ ሲገባ ተመልካቹ በጭብጨባ ተቀበለው።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ከአደጋው ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ በተወለደ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ብሔራዊ የሐዘን ቀን ታውጆ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ተቀበረ።