ኡሙ ሰለማና ያልጠበቀችው ምትክ

ተወኩል ሲነሣ ብዙዎቻችን የሚታየን ዕንባ የማያውቀው፣ ምንም ቢደርስበት የማይናወጥ ሰው ነው። የምእመናን እናት የኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ሕይወት ግን እንዲህ ያለ ሥዕል አይሰጠንም። አልቅሳለች፣ ተጨንቃለች፣ ያደረገችው ዱዓ እንዴት ሊፈጸም እንደሚችል ራሷን ጠይቃለች። ሆኖም ከያዘችው መንገድ አልወጣችም።

ስሟ ሂንድ ነው። ከቁረይሽ ታላላቅ ጎሣዎች አንዱ ከሆነው ከበኑ መኽዙም የተወለደች ስትሆን፣ አባቷ አቡ ኡመያ አብሮት የሚጓዝ ሰው ስንቅ እንዲይዝ የማይፈቅድ ለጋስ እንደነበር ይነገራል። ባሏ አቡ ሰለማ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአክስት ልጅና የጡት ወንድም ነው። ሁለቱም ኢስላምን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተቀብለው እ.ኤ.አ. በ615 ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት መካከል ነበሩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳላነሣ አላልፍም። የጃዕፈርንና የነጃሺን ታሪክ በየመድረኩ እንተርካለን፤ በንጉሡ ችሎት የሆነውን በዝርዝር ያቆየችልን ግን በአብዛኛው ይህችው እናታችን መሆኗን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ከሐበሻ ወደ መካ ተመልሰው ወደ መዲና ሊሰደዱ ሲነሡ ቤተሰቡ ለሦስት ተከፈለ። አቡ ሰለማ ሚስቱን ግመል ላይ አስቀምጦ፣ ልጃቸውን ሰለማን አሳቅፏት ሲወጣ ዘመዶቿ በኑ ሙጊራዎች የግመሉን ገመድ ከእጁ ነጥቀው አስቀሯት። በዚህ የተቆጡት የባሏ ወገኖች ደግሞ ልጁን ክንዱ እስኪወልቅ ድረስ ጎትተው ወሰዱት። ባል መዲና፣ ልጅ ከአባቱ ወገን፣ እናት ከወገኖቿ ዘንድ ቀሩ።

አንድ ዓመት ያህል በየማለዳው ወደ አብጠሕ እየወጣች እስኪመሽ ታለቅስ ነበር። ይህን ልቅሶ የኢማን ድክመት አድርጎ የሚያየው ይኖር ይሆናል፤ እኔ አይመስለኝም። ለባሏና ለልጇ አለቀሰች እንጂ በያዘችው እምነት ተጸጽታ አላለቀሰችም።

በመጨረሻ ከአጎቷ ልጆች አንዱ አይቶ አዘነላትና ዘመዶቹን ተናግሮ አስለቀቃት፤ ልጇም ተመለሰላት። የሚያስገርመው ከዚህ በኋላ ያደረገችው ነው። የመንገድ ጓደኛ እስኪገኝ አልጠበቀችም። ልጇን ታቅፋ፣ ከአላህ በቀር ማንም ሳይኖራት፣ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን ጉዞ በግመል ጀመረች። ተንዒም ስትደርስ ዑስማን ኢብን ጦልሐን አገኘች። ያኔ ገና አልሰለመም። ብቻዋን መሆኗን ሲሰማ የግመሉን ገመድ ይዞ እስከ ቁባእ አደረሳት። ማረፊያ ሲደርሱ ግመሉን አንበርክኮ ዘወር ይላል፤ እርሷ ከወረደች በኋላ ግመሉን ከዛፍ አስሮ፣ ራቅ ብሎ ሌላ ዛፍ ሥር ይጋደማል። ሲነሡም እንዲሁ። ባሏ ያለበትን መንደር አሳይቷት ወደ መካ ተመለሰ። ከእርሱ የከበረ የመንገድ ጓደኛ እንዳላየች ትመሰክርለት ነበር። አላህ ያዘጋጀላት ረዳት ከማን ወገን እንደመጣ ልብ ይሏል፤ ዑስማን የሰለመው ከዓመታት በኋላ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው።

የመዲናው ደስታ ብዙ አልቆየም። አቡ ሰለማ በኡሑድ ክንዱን ቆሰለ። ቁስሉ የዳነ መስሎ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የላኩትን ጦር መርቶ ዘመተ፤ ሲመለስ አመረቀዘበትና በ4ኛው ዓመተ ሂጅራ አረፈ። ኡሙ ሰለማ ከአራት ልጆች ጋር ቀረች። ባሏ ከነቢዩ ሰምቶ ያስተማራት አንድ ዱዓ ነበር። ሙሲባ የደረሰበት ሰው ወደ አላህ ተመላሽ መሆኑን አስታውሶ፣ በሐዘኑ አጅር እንዲሰጠውና ያጣውን በተሻለ እንዲተካለት የሚለምንበት ነው። ጀመረችው። የተሻለ ምትክ ከሚለው ስትደርስ ግን ከአቡ ሰለማ የሚሻል ማን ሊኖር ይችላል የሚል ሐሳብ መጣባት። ቢሆንም ጨረሰችው። ልቧ መልሱን ማየት አቅቶት ሳለ ምላሷ የተማረችውን ፈጸመ። ዛሬ ባል የሞተባት፣ ሥራ ያጣ፣ አገር ለቆ የሚሄድ ወገናችን ነገ ምን እንደሚመጣ አልታይህ ቢለው ኢማኑን አይጠራጠር፤ እርሷም አልታያትም ነበር።

ዒዳዋ ሲያልቅ አቡ በክር (ረ.ዐ) ለጋብቻ ጠየቋት፤ አልተቀበለችም። ቀጥሎ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥያቄ መጣ። ያኔም ቸኩላ እሺ አላለችም። ዕድሜዋ መግፋቱን፣ ቀናተኛ መሆኗን፣ ልጆች እንዳሏት በግልጽ ተናገረች። እርሳቸውም በዕድሜ እንደሚበልጧት፣ ቅናቷን አላህ እንዲያስወግድላት እንደሚለምኑ፣ ልጆቿም እንደ ልጆቻቸው እንደሆኑ መለሱላት። በዚያው ዓመት በሸዋል ወር ተጋቡ።

ከእነዚያ ልጆች አንዱ ዑመር ገና ትንሽ ነበር። ሲበላ እጁ በገበታው ዙሪያ ይዞር ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአላህን ስም እንዲጠራ፣ በቀኝ እጁ እንዲበላ፣ ከፊት ለፊቱ እንዲያነሣ አስተማሩት፤ እርሱም ከዚያ በኋላ አበላሉ እንደዚያው ሆኖ ቀረ። በየቤታችን ማዕድ ሲቀርብ ለልጆቻችን የምንነግረው ሥርዓት ለዚያ የቲም የተነገረው ነው።