ከሙዚየም የወጣው መጫወቻ

የ4 ዓመቷን የእህቴን ልጅ ሙዚየም ይዣት በሄድኩ ቁጥር የምንሰማው አንድ ነገር ነው፤ አትንኪ! ያኔ ማን ትዝ እንደሚለኝ ታውቃላችሁ? ፍሬድሪክ ፍሮብል።

ፍሮብል እ.ኤ.አ. በ1782 ጀርመን ውስጥ ተወለደ። የ9 ወር ሕፃን ሳለ እናቱ ሞተችበት። ቄስ የነበረው አባቱ በሥራ ስለሚጠመድ ለልጁ ብዙም ጊዜ አልነበረውም።

በ1814 በርሊን ውስጥ በአንድ የማዕድናት ሙዚየም ረዳት ሆኖ ገባ። ክሪስታሎችን እየለየ ሲደረድር እያንዳንዱ ድንጋይ የራሱ ቅርጽና ሥርዓት እንዳለው አስተዋለ። ከ2 ዓመት በኋላ ግን ሙዚየሙን ትቶ ትምህርት ቤት ከፈተ።

በኋላም ለሕፃናት መጫወቻ ሠራ፦ ኳስ፣ ሲሊንደር፣ ባለ አራት ማዕዘን የእንጨት ብሎኮች። በመስታወት ውስጥ ያያቸውን ዓይነት ቅርጾች ልጆች እጅ ላይ አኖራቸው ማለት ነው። ይገነባሉ፣ ያፈርሳሉ፣ ይስላሉ። ለእሱ ጨዋታ ጊዜ ማሳለፊያ ሳይሆን ትምህርት ነበር።

በ1840 ቦታውን የልጆች አትክልት ስፍራ ብሎ ሰየመው። ዛሬ እኛ መዋዕለ ሕፃናት የምንለው እኮ መነሻው ይሄ ነው።

ታዲያ በ1851 የፕሩሲያ መንግሥት ሃይማኖት የለሽና ሶሻሊስት ነው ብሎ አገደበት። ፍሮብል በዓመቱ ሞተ። እገዳው የተነሳው በ1860 ነው፤ እሱ አላየውም።

እኔ ግን ለቀጣዩ ጉብኝት ወረቀትና እርሳስ አዘጋጅቻለሁ። ልጅቷ ድንጋዩን ባትነካው እንኳ ትስለዋለች።