ኮሎኔል ጆርጅ ዌሪንግና የኒውዮርክ ጥራጊ

የከተማ ቆሻሻ አሰባሰብ ፕላን ሲነሣ እኛ መሐንዲሶች አስቀድመን የምናሰላው የመኪናውን ብዛትና የመንገዱን ርዝመት ነው። ኮሎኔል ጆርጅ ዌሪንግ ግን መጥረጊያ ከያዘው ሰው ጀመረ።

ዌሪንግ በ1833 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ተወለደ። በወጣትነቱ የሴንትራል ፓርክን ረግረጋማ መሬት አጠነፈፈ፤ በእርስ በርሱ ጦርነት በፈረሰኛ ጦር ውስጥ አገለገለ። በ1878 ቢጫ ወባ በሜምፊስ ከአምስት ሺህ በላይ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ ለዚያች ከተማ የቤት ፍሳሽን ከዝናም ውሃ የለየ የቱቦ መሥመር ዘረጋ። ቱቦዎቹ ጠባቦች፣ የመቆጣጠሪያ ጉድጓድም የሌላቸው ስለ ነበሩ ይደፈኑ ነበር፤ ይህን ጉድለቱን መሸፈን አይገባም።

በ1895 ከንቲባ ዊልያም ስትሮንግ የኒውዮርክ የመንገድ ጽዳት ኮሚሽነር አድርጎ ሾመው። መንገዱ በፈረስ ፋንድያ ተሞልቶ፣ ጠራጊነትም ታማኒ ሆል የተባለው የፖለቲካ ድርጅት ለደጋፊዎቹ የሚያድለው እንጀራ ሆኖ ቆይቶ ነበር። ዌሪንግ ለጠራጊዎቹ እንደ ሐኪም ነጭ ልብስ አለበሳቸው። ፋንድያ ለሚጠርግ ሰው ነጭ ልብስ! ብዙ ሰው ሣቀ። ይሁን እንጂ በ1896 ሠራተኞቹ በአደባባይ ሲሰለፉ ሕዝቡ አጨበጨበላቸው። አቤቱታቸውንም ራሳቸው በመረጧቸው ወኪሎች በኩል እንዲያቀርቡ አደረገ።

ከዚህ በኋላ ፊቱን ወደ ቤተ ሰቡ ጓዳ አዞረ። ነዋሪው አመዱን፣ የምግብ ትራፊውንና ደረቁን ጥራጊ በየዕቃው ለይቶ እንዲያስቀምጥ ታዘዘ። የምግቡ ትራፊ በባረን ደሴት በእንፋሎት እየተቀቀለና እየተጨመቀ ለሳሙና የሚሆን ስብና ማዳበሪያ ይወጣው ነበር፤ አመዱ በራይከርስ ደሴት ለመሬት መሙያ ዋለ፤ ከደረቁ ጥራጊ ወረቀቱና ጨርቁ እየተለቀመ ተሸጠ። መለየቱ ከምንጩ ባይጀመር ኖሮ ከእነዚህ አንዱም ባልተሳካ ነበር። ወላጆች ደንቡን እንዲለምዱም የትምህርት ቤት ልጆችን በጽዳት ማኅበር አደራጀ።

በ1897 ምርጫ ታማኒ ሆል አሸነፈ፤ ዌሪንግም ሥራውን ለቀቀ። በ1898 መንግሥት የሃቫናን ጽዳት እንዲያጠና ላከው። እርሱ በሽታን የሚያመጣው የቆሻሻ ክፉ አየር ነው ብሎ ያምን ነበር። ዶክተር ካርሎስ ፊንላይ በዚያችው ከተማ ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን በ1881 ቢያመለክትም ሰሚ አላገኘም ነበር። ዌሪንግ ቢጫ ወባ ይዞት ወደ ኒውዮርክ ተመለሰ፤ ጥቅምት 29 ቀን 1898 በ65 ዓመቱ ዐረፈ። የፊንላይ አባባል እውነት መሆኑ በዋልተር ሪድ ጓድ የተረጋገጠው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1900 ነው።